ነፃው ሊኑክስና የሚሸጠው

ያኔ የምኖረው ቡራዩ፣ የምሠራው ሰበታ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ነበር። ኮምፒውተሮቹን የምንጠብቀው ሁለት ነን፤ እኔና እዚያው ሰበታ ተወልዶ ያደገ ባልደረባዬ። ሲስተሙ ሲሠራ ማንም አያስታውሰንም፤ ሲቆም ግን ሁሉም ይጠራናል።

የመጋዘኑ ሰርቨር፣ ማለትም ዋናው ኮምፒውተር፣ የሚሠራው ሊኑክስ በሚባለው ሲስተም፣ በነፃው ዓይነት ነበር። አዘጋጁ የውጭ ኩባንያ ሁለት ዓይነት ያወጣል። አንዱን ማንም ሳይከፍል ወስዶ ይጭነዋል፤ ችግር ያገኘ ያሳውቃል፣ የቻለ ያስተካክላል። እዚያ ተፈትኖ የጸናው ለድርጅቶች በሚሸጠው ውስጥ ይገባል። የገዛ ሰው ሲቸገር ደውሎ የሚጠይቀው አለው። ባልደረባዬ ከሚያስተካክሉት አንዱ ነበር፤ እሑድ እሑድ የማስተካከያ ኮድ ጽፎ ለኩባንያው ይልካል።

ሥራ አስኪያጃችን ነፃ ነገር አያምኑም። «ነገ ቢበላሽ ማንን እጠይቃለሁ?» ይሉናል። በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ ሰሞን፣ መንገዱ አንድ ቀን ተከፍቶ አንድ ቀን ሲዘጋ፣ የሚሸጠውን አስገዙና መጋዘኑን ወደዚያ አዙሩ አሉን።

አሮጌውን አጥፍተን አዲሱን መጫን ጀመርን። ግማሽ ላይ ስንደርስ ኢንተርኔት ተቋረጠ። አዲሱ ደግሞ የቀሩትን ፕሮግራሞች ለማውረድ መጀመሪያ በኢንተርኔት መመዝገብ ነበረበት። ኩባንያው ጋ ደወልን። ያነሳችው ሴት ትሁት ነበረች።

«የስህተቱን ፋይል ላኩልኝ» አለች።

«ኢንተርኔት የለንም።»

«እንግዲያው ሲመለስ እንረዳችኋለን።» ከልቧ ነበር የተናገረችው።

ሥራ አስኪያጁ አጠገባችን ቆመው ይሰሙ ነበር። «ወደ ድሮው መልሱት» ብለው ወጡ። የነፃው ሙሉ ቅጂ ባልደረባዬ ዲስክ ላይ ነበር። ከሰዓት በኋላ መጋዘኑ ሥራ ጀመረ። ያመሰገነን የለም፤ እኛም ለመደሰት አቅም አልነበረንም።

ስንወጣ ታክሲ የለም፤ አስፋልቱ ላይ ድንጋይና የተቃጠለ ጎማ ተዘርግቷል። ቡራዩ መድረስ ስለማይታሰብ ባልደረባዬ ቤታቸው ወሰደኝ። አባቱ ገበሬ ናቸው፤ ከእርሻቸው ገሚሱ ለፋብሪካ ተወስዶባቸዋል። በኦሮምኛ «አካም ጅርቱ» ብለው ሰላምታ ሰጥተው ተቀበሉኝና ምን እንዳደከመን ጠየቁ። ልጃቸው ኦሮምኛና አማርኛ እያቀላቀለ፣ የእሑዱን ሥራውንም ጨምሮ አስረዳቸው።

«ለምትልከው ይከፍሉሃል?» አሉት።

«አይከፍሉኝም፤ ግን ለራሴም ይጠቅመኛል። እነሱም ካልሸጡ የሠራተኞቻቸው ደሞዝ ከየት ይመጣል?»

«እሱስ ልክ ነው።» አሉት አባቱ። «ነፃውን አንዘጋም ብለው ፈርመዋል?»

ባልደረባዬ እጁን ሊታጠብ ተነሳ። እሳቸውም አልደገሙለትም፤ ራት እንድንበላ ወንበር አስጠጉልን።

በኋላ የእሱ አንድ እርማት በሚሸጠው ውስጥ ገባ። ኢንተርኔት ሲመለስ፣ የተገዛው እንዳይባክን ለሂሳብ ክፍል ስንጭነው ስክሪኑ ላይ አሳየኝ፤ ፈገግ እንኳ አላለም። ከዓመታት በኋላ ኩባንያው ነፃውን በነበረበት መልክ እንደማይቀጥል አስታወቀ። ባልደረባዬ ማስታወቂያውን ጮክ ብሎ አነበበልኝና ላፕቶፑን ዘጋ። ሌሎች በጎ ፈቃደኞች ምትኩን እስኪያዘጋጁ ጠብቀን፣ ማሽኖቹን አንድ በአንድ ስናዞር ከረምን። እሱም ኮድ መላኩን ተወ። «ደከመኝ» ነው ያለኝ፤ እኔም አልገፋፋሁትም።

አሁን ሱሉልታ ሌላ መሥሪያ ቤት ይሠራል። በቀደም ስደውልለት እንደገና ኮድ መላክ መጀመሩን ነገረኝ። ለምን አልኩት።

«ፕሮግራሙ ውስጥ አንድ ስህተት አየሁ» አለ። «ካየሁት በኋላ ማለፍ አቃተኝ።»