ለዋርሳዬ የመረጥኳት የቆረቆንዳ ፒፓ

ከጊቫት ኦልጋ

ዓርብ ጠዋት ከቤቴ የወጣሁት ለባለቤቴ ታላቅ ወንድም ለጋሽ ታከለ የትምባሆ ፒፓ ልገዛ ነው። አዝኜለት አይደለም፤ አፉን ላዘጋው ብዬ ነው። ወደ ሱዳን ስንሰደድ ጋያውን፣ ውሃ እየሞላ ትምባሆ የሚያጨስበትን ቅል፣ ከአህያው ላይ አውርጄ ጥዬበታለሁ። በቦታው ያስቀመጥኩት በወባ የምትንቀጠቀጠውን የገዛ ልጁን፣ አለምን ነው። እናቷ ጨቅላ አዝላ ነበር፤ እሱ ከወንዶቹ ጋር ፊት ፊት ይሄድ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየሠርጉ «ጋያዬን በረሃ ያስቀረችብኝ» እያለ ሰው ያስቅብኛል። ለማን ብዬ እንደ ጣልኩት ግን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። እኔም ውለታ ቆጣሪ እንዳልባል ዝም አልኩ። አለም ከእሱ አፍ እንድትሰማው ነበር የምፈልገው።

አውቶቡሱ የመብራት ኃይሉን ረጃጅም ጭስ ማውጫዎች ከኋላ ትቶ በባሕር ዛፎቹ መካከል ወደ ከተማ ገባ።

ገበያው

ዓርብ ስለሆነ ሰው ለሰንበት ይሸምታል፤ መተላለፊያ የለም። ከዓሣው መደብ አጠገብ አንዲት ከሩሲያ የመጣች፣ በዕድሜ እኩያዬ የምትመስል ሴት አሮጌ ሰዓትና ፒፓ ዘርግታለች። የእንጨቶቹን ዋጋ ስሰማ እጄን ሰበሰብኩ። እሷ ግን ከሥር ሌላ ሳጥን አወጣች፤ ሁሉም ከበቆሎ ቆረቆንዳ የተሠሩ። እኛ የምንማግደው፣ ሸክላ የምናለሰልስበት ቆረቆንዳ እዚህ ሃያ ሸቀል ያወጣል።

ታመናጭቀኛለች ብዬ ጠበቅኩ። በርጩማ ሳበችልኝ። ሸክላ ሠሪ ነኝና እያንዳንዱን በጥፍሬ አንኳኳሁ፣ አሸተትኩ፣ በአፌ ሳብኩ። አንዱ የተሰነጠቀ ነው፤ አንዱ አየር አያሳልፍም፤ ሌላው ቀለም ቀለም ይሸታል። እሷ ሳትሰለች አፌ የነካውን በአልኮል ትጠርግ ነበር። ዕብራይስጧ እንደ እኔው የተሰባበረ ነው። ወፍራም ግድግዳ ያላትን ስመርጥ፣ መጀመሪያ ጥቂት ጥቂት ትምባሆ ብቻ እንዲጨመርባት በእጇ አሳየችኝ። በዚህ አገር እንዲህ የታገሠኝ ሻጭ አላስታውስም፤ ዕድሜ ይስጣት።

ክፋር ብራንዳይስ

ጋሽ ታከለ ቤት ስደርስ አለም ከጦር ሠራዊቱ ለሰንበት መጥታ፣ የወታደር ልብሷን ሳትቀይር በረንዳው ላይ ተቀምጣለች። ጋሽ ታከለ ፒፓዋን ተቀብሎ አገላበጣት። ከዚያ ተነሥቶ ከቧንቧው ውሃ ሞላባት። ጋያ ያለ ውሃ አይጨስማ! አፉ ውስጥ ከቷት ቀና ሲል ውሃው በአገጩ ወርዶ ደረቱን አራሰው። አለም ሆዷን ይዛ ሳቀች።

የተለመደውን ነገሩን ጠበቅኩ። እሱም ሳቀና አገጩን ጠረገ።

«ያቺኛዋ ጋያ ውሃ ትይዝ ነበር» አለ። ወደ ልጁ ዞረ። «ወባ ይዞሽ ነበር። አንቺን አህያው ላይ ለማውጣት ነው እሷ የጣለቻት። ይኸን ሁሉ ዘመን የቅሉን አወራሁ፣ ያንቺን አላወራሁም።»

አለም ሳቋን አቆመች። «እትዬ፣ እውነት ነው?»

«ከቅሉ ትከብጂ ነበር» አልኳት።

እሱ ፒፓዋን ደፍቶ ፀሐይ ላይ አሰጣት። «እግዜር ይስጥሽ» አለኝ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ እንዳዞረ።

መልስ

አለም እስከ ፌርማታው ሸኘችኝ። አውቶቡሱ ሲመጣ አብራኝ ወጣች። ከሰንበት በፊት የመጨረሻው ነው፣ መመለሻ የለሽም አልኳት።

«አውቃለሁ» ብላ አጠገቤ ተቀመጠች።

ቂሜ ሁሉ ወጥቷል አልልም፤ ከእሱ ጋር ገና ብዙ አለን። ግን እውነት ሰው በሕይወት እያለ ሲነገርለት ምን ያህል እንደሚያሳርፍ ያወቅኩት በዚህ ጉዞ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን። ጊቫት ኦልጋ ስንደርስ ባሕሩ ቀልቶ ነበር። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ በቤቴ ለሁለት ሰው አልጋ ያነጠፍኩት ያን ዕለት ነው።