ሦስት ጊዜ የተፈተገ ገብስ

ልጄ ንፋስ መውጫ አስተማሪ ናት። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ስድስት ወር ሲሞላት ደሟን መረመሩና ስኳር አለብሽ አሏት። ባሏ ሥራው ሩቅ ነው። እኔ ከወገዳ አጠገብ ካለው ቀዬዬ ግማሽ ኩንታል ገብስ አስጭኜ ልጠብቃት መጣሁ።

ጤና ጣቢያ አብሬያት ገባሁ። ነርሷ ጎበዝ ናት፤ ግን ቶሎ ቶሎ ነው የምታወራው። ፓስታና የነጭ ዱቄት ዳቦ ይቅርባት፣ ገብስና ቀይ ጤፍ ይሻላታል አለች። ስኳሩ ካልወረደ መርፌ እንደምትጀምር፣ ጽንሱም ያለ ልክ ከገዘፈ ምጡ ሊጠናባት እንደሚችል ነገረችን። ከዚያ ሁሉ ወሬ «ምጡ ሊጠና» የምትለዋን ብቻ ይዤ ወጣሁ።

አራተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ፤ የሰጠችንን ወረቀት ደጋግሜ አነበብኩት። ግን ገብስ አይጣፍጥ፣ ጤፍ አይጣፍጥ፣ ስኳሩ ከየት ይመጣል? ሻዩንም ያለ ስኳር ነው የምትጠጣው። ልጄን ብጠይቃት «እማዬ፣ እህሉ ራሱ ሆድ ገብቶ ስኳር ይሆናል» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እህል መዝገን ፈራሁ።

በእኛ አገር ሴት በገብሷ ትታወቃለች። አንዴ ፈትጎ ማስፈጨት የሰነፍ ሥራ ነው። እኔ ቆዳው ተገፎ እስኪነጣ ሦስት ጊዜ ፈተግሁት፤ ተፈጭቶ ሲመጣም በቀጭን ወንፊት ነፋሁት። የተገፈፈውን ቆዳና ወንፊቱ ላይ የቀረውን ልጄ ለተከራየችበት ቤት ባለቤት ዶሮዎች ደፋሁላቸው። ባለቤቲቱ ገበያ ላይ ጨርቅ የምትነግድ ሙስሊም ሴት ናት፤ ቀልድ ታውቃለች።

«አንቺ ከመጣሽ ወዲህ ዶሮዎቼ እንቁላል መጣል ማቆም አቃታቸው» አለችኝ። «እንግዲህ አትሄጂም።»

ስኳሩ ግን አልወረደም፤ በሁለተኛው ቀጠሮ ጭራሽ ጨመረ። ነርሷ ልጄን ምን እንደምትበላ ስትጠይቃት አላስቻለኝም።

«ገብስ ነዋ! ያውም እንደ ወተት የነጣ!»

«እንዴት ነው የሚያዘጋጁት፣ እናቴ?»

ሙያዬን አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ዋናውንማ ለዶሮዎቹ ሰጥተውታል፣ እናቴ። ስኳሩ ወደ ደም ቶሎ እንዳይገባ የሚይዘው እኮ ያ ቆዳው ነው።»

ልጄ ሳቀች። እኔ ግን ደነገጥኩ። ለካ ስጠነቀቅ ነው የጎዳኋት?

«ታዲያ ከነገለባው ላብላት? ጉሮሮዋን ሊወጋት?»

«አንዴ ብቻ ይፈትጉት፤ ሻካራው ይውጣ፣ ስሱ ቆዳ ይቅር። ደግሞ እንዳይነፉት።»

ሻካራው የት ያበቃል፣ ስሱስ የት ይጀምራል? ሙቀጫው ፊት ቆሜ ዘነዘናውን ስንት ጊዜ እንደማነሳ ጠፋኝ። ቂጣው ጠቆረ፣ ሻከረ። ልጄ ስታኝክ አፍ አፏን አያታለሁ። ባለቤቲቱ አንዱን ቁራሽ አገላብጣ አየችና «አንቺ ሴት፣ የዶሮዎቼን ቀለብ ቀምተሽ ነፍሰ ጡር ታበያለሽ?» አለች። ነርሷ ያለችውን ስነግራት ሳቋን ተወች።

እጄ ግን አልለምድ አለኝ። ሁለት ቀን ሳላስበው ስነፋ ራሴን አገኘሁት። በመጨረሻ ወንፊቱን ለባለቤቲቱ ወስጄ «ልጄ ሳትወልድ ብለምንሽም እንዳትሰጪኝ» አልኳት።

በሦስተኛው ቀጠሮ ቁጥሩ ወረደ። መርፌው ለጊዜው ቀረ። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ግን ያወረደው ቆዳው ይሁን፣ ልጄ ከምሳ በኋላ በእግሯ መሄድ መጀመሯ ይሁን፣ ለምጧ የተሳልኩት ስለት ይሁን አላወቅሁም። ነርሷን ብጠይቃት «ሁሉም ይረዳል» አለችኝ። ይኼ መልስ ነው?

አሁን መውለጃዋ ደርሷል። የአራስ ገንፎ ደግሞ በእኛ ዘንድ ከሁሉ ከነጣው ዱቄት ነው የሚሠራው፤ ጠያቂ ሁሉ የሚያየው እሱን ነው። ትናንት ወንፊቱን ልጠይቅ ሄድኩ።

«ለገንፎው ብቻ» አልኳት።

«ነርሷ ፈቀደች?»

«አልጠየቅኋትም።»

«እንግዲያው አንቺም ዶሮዎቼም ትጠብቃላችሁ!» ብላ ባዶ እጄን መለሰችኝ።

ሰኞ ቀጠሮ አላት፤ ነርሷን እንጠይቃታለን። እስከዚያ ግማሹን ገብስ ሦስቴ፣ ግማሹን አንዴ ፈትጌ በሁለት ጆንያ ጎን ለጎን አቁሜዋለሁ። ወጣ ገባ ባልኩ ቁጥር አያቸዋለሁ። ዓይኔ ነጩን ይወዳል፤ ልቤ ግን ከወለደች በኋላ የትኛው ለልጄ እንደሚበጅ አላወቀም።