ባትሪውን የምጨርሰው እኔ ነበርኩ

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለእናቴም፣ መስጊድ ለማገኛቸው ወዳጆቼም አልነገርኩም። አንተ ስሜን ስለማታውቀው ለአንተ መንገሩ ይቀለኝ ይሆናል።

መርሳ ውስጥ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ሱቅ አለኝ። ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ ከሱቁ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ብቻዬን እኖራለሁ። ሐጂ ይመር የሚባሉ የማንጎ አትክልት ያላቸው ሽማግሌ ለግቢያቸው በባትሪና በሶላር የሚሠራ ገመድ አልባ ካሜራ እንድሰቅልላቸው ጠየቁኝ። ሰቀልኩ። በእሳቸው ስልክ ላይ ስከፍትላቸው፣ ሲበላሽ ከሱቄ ሆኜ እንዳየው ብዬ በራሴም ስልክ ከፈትኩት። ያኔ ክፋት አላሰብኩም።

አንድ ቀን ምሳዬን እየበላሁ ከፈትኩት። ሐጂና ባለቤታቸው እትዬ ፋጡማ፣ ከሐራ መጥቶ ከሚሠራላቸው ከአራጌ ጋር፣ ከማንጎው ሥር አንድ ትሪ ከበዋል። አራጌ የሆነ ነገር ተናገረና እትዬ ፋጡማ ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። እኔም ብቻዬን ሳቅሁ። በማግስቱ ስልኬን የውኃ ጆጉ ላይ አስደግፌ ምሳቸው እስኪቀርብ ጠበቅሁ። ቢስሚላህ ሲሉ እኔም ቢስሚላህ አልኩ። ከዚያ ወዲያ ሳላያቸው እህል አልዋጥልኝ አለ። ምሳ ብቻ መቼ ሆነና! ሥራ ሲቀዘቅዝ እከፍታለሁ፤ ሲከፋኝ እከፍታለሁ። አንዳንዴ ሰው የሌለበትን ግቢ ሳይ እውላለሁ።

እንዲህ ያለው ካሜራ ፊቱ የሚንቀሳቀስ ነገር ከሌለ ተኝቶ ነው የሚውለው። በስልክ ቁጭ ብሎ የሚያየው ሰው ካለ ግን አይተኛም፤ ባትሪው ያልቃል። ይህን ከእኔ በላይ ማን ያውቃል?

ብዙ ይቆያል ያልኩት ባትሪ ቶሎ ቶሎ መሞት ጀመረ። ሐጂ ጠሩኝ። ነፋስ የሚወዘውዘው ቅርንጫፍ እየቀሰቀሰው ነው ብዬ ቅርንጫፉን አስቆረጥኩ። ዋይፋዩ ርቆበታል ብዬ አስጠጋሁ። ሶላሩን አቧራ ሸፍኖታል ብዬ ወለወልኩ። ባትሪውንም ቀየርኩ። ሁሉም ባትሪ ይጨርሳሉ፤ በእኔ አፍ ግን ሁሉም ውሸት ነበሩ። አራጌ መሰላሉን ይዞልኝ፣ «ወንድምዬ፣ አላህ ይስጥህ፣ አለፋንህ እኮ» ይለኝ ነበር። በኋላ ሶላሩ አልበቃ ሲል ባትሪውን እያወረደ ቻርጅ ማድረግ የእሱ ሥራ ሆነ።

አንድ ጧት የውኃ መሳቢያው ሞተር ተሰርቆ ተገኘ። ካሜራው ሞቶ ነበር።

«ወላሂ፣ ትናንት ጧት ሞልቼ ነው የሰቀልኩት» አለ አራጌ።

አልዋሸም። በዋዜማው ሥራ አልነበረኝም፤ ከጧት እስከ ማታ ሳያቸው ውያለሁ።

ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። «ባለሙያው አንተ ነህ። የተሞላ ባትሪ ሰው ካልነካው በአንድ ቀን ያልቃል?»

አራጌ አየኝ። እውነቱን ይናገርልኛል ብሎ ተማምኖብኝ ነበር።

«ሰው ካልነካውማ አያልቅም» አልኩ።

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ያ ሰው እኔ መሆኔን እያወቅሁ አልኩት። ሐጂ አሰናበቱት፤ አራጌ ልብሱን በፌስታል ይዞ ወጣ። የሰደበው የለም፤ እትዬ ፋጡማ ብቻ አለቀሱ። «እኔ ነኝ» ብል ምን እሆን ነበር? አፍር ነበር። ሰው በእፍረት ይሞታል እንዴ?

በዚያው ቀን ካሜራውን ከስልኬ አጠፋሁት። ባትሪው ከዚያ ወዲያ አላስቸገረም። ሐጂ ይህን አይተው፣ «አየህ? እሱ ከሄደ ወዲህ ደህና ሆነ» አሉኝ።  መጥፎ ሥራዬን መተዌ እንኳ በአራጌ ላይ መሰከረበት።

በቅርቡ ወልድያ መናኸሪያ አገኘሁት። ሚኒባስ ላይ ዕቃ ይጭናል። ገና ሲያየኝ ሮጦ አቀፈኝ፤ ሻንጣዬንም ተቀበለኝ።

«ያ ባትሪ እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም» አለኝ። «ምናልባት ሶኬቱን አላልቼው ሳይሞላ ሰቅዬው ይሆናል። ሐጂ ምን ያድርጉ? አላህ ይቅር ይበለኝ።»

«አሚን» አልኩ።

አሚን አልኩና ሚኒባሱ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። ብቸኝነት ነው እንዲህ ያደረገህ እንዳትለኝ። ብቻውን የሚኖር ሁሉ ሰው ከእንጀራው አያስነሳም። ይቅርታ ልጠይቅ የሚገባኝ አራጌን ነው፤ ወልድያም ሩቅ አይደለችም። እኔ ግን ይኸው ለአንተ እያወራሁ ነው።