ቀሚሴን የበላው ፓወር ሰፕላይ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ቅድስት ኮምፒውተሯን ጠረጴዛ ላይ ዘርግፋው አገኘኋት። ክዳኑ ተነሥቷል፣ ሽቦው እንደ በግ አንጀት ወጥቷል። ቪዲዮ ስታቀናብር እየተንቀራፈፈ ቢያስቸግራት አዲስ የቪዲዮ ካርድ ገዝታለታለች። ደስ ብሏታል፤ አንድ ነገር ብቻ አሳስቧታል።

«እማ፣ ፓወር ሰፕላዩ አሮጌ ነው። ልቀይረው ወይስ ይቆይ? እስካሁን እኮ ምንም አልሆነም።»

ሳቄ መጣ። በዚሁ በደብረ ታቦር፣ በወጣትነቴ፣ ይህቺኑ «እስካሁን ምንም አልሆነም» የምትል ነገር ይዤ ስከራከር የነበርኩት እኔ ነኝ። ፓወር ሰፕላይ ለማያውቅ ሰው፣ መብራቱን ከግድግዳ ተቀብላ ለኮምፒውተሩ ዕቃዎች ሁሉ የምታከፋፍል የብረት ሳጥን ናት። ከኋላ ተሸጉጣ ስለምትቀመጥ ማንም ዞር ብሎ አያያትም።

ከቤሩት ተመልሼ አንዲት ጠባብ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ከፍቼ ነበር። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ የሰርግ መጥሪያ አዘጋጃለሁ። በዚያ ዓመት ታናሽ ወንድሜ በጥር ሊያገባ ሆነ፤ እኔም የሰርጉን ቪዲዮ ካላቀናበርኩ ሞቼ እገኛለሁ አልኩ። ካሜራ የሚያውሰን ፎቶ ቤት ተገኘ። ካሴቱ ላይ ግን ወዲያው ሌላ ሰርግ ይቀዳበታል፤ ስለዚህ የወንድሜ ሰርግ የሚቀመጠው በእኔ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነው። እዚያ ከጠፋ ጠፋ። ኮምፒውተሬ ደግሞ ከደብዳቤ በላይ የሚሸከም ጀርባ አልነበረውም።

ከሱቄ ጎን ደሳለኝ የሚባል የይፋግ ልጅ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግን ነበር። ቀጭን ነው፣ ዝምተኛ ነው፤ አንድ ነገር ከያዘ ግን በጉልበትም አያስለቅቁት። ዕቃዎቹ ሁሉ የሚሰኩበት አዲስ ቦርድ፣ ትልቅ ዲስክና ቪዲዮ የሚያስገባ ካርድ ያስፈልጋል አለኝ። እሺ አልኩ። ቀጥሎ ያቺን የብረት ሳጥን በጣቱ ኳ ኳ አደረጋት።

«ይቺም ትቀየራለች።»

«ኧረ ምን ሆነች? ትሠራ የለም እንዴ!»

«ለድሮው ጭነት ትሠራለች። አዲሶቹ ብዙ ይስባሉ። እሷ ደግሞ አርጅታለች።»

ምነው ሸዋ! ለእሷ የሚወጣው ብር ለጥበብ ቀሚሴ ያስቀመጥኩት ነበር። ሸማኔው ዘንድ ሄጄ ጥለቱን ሁሉ መርጫለሁ፤ ሁለቱንም ለመግዛት ደግሞ አቅም የለኝም። እናንተዬ፣ ቀሚሱ እንዲያው ቀሚስ አልነበረም። የሰፈራችን ሴቶች «ከዐረብ አገር ባዶ እጇን መጣች» ሲሉ ሰምቻለሁ። በሰርጉ ቀን በዚያ ቀሚስ ዳሱን አቋርጬ በፊታቸው ላልፍ ስንት ሌሊት አልሜ ነበር።

በገበያ ቀን አባቴ ከጉና ግርጌ ካለው መንደራችን ወጥቶ ወደ ሱቄ መጣ። ድንች ይዞልኝ ነበር፤ ቀቅዬ በበርበሬ አቀረብኩ፣ ደሳለኝንም ጠርቼ ሦስታችንም ከበን በላን። ውጭው ብርድ ስለነበር የድንቹ እንፋሎት ፊታችንን ያሞቅልናል። አባቴ ይደግፈኛል ብዬ ነገሩን ዘረገፍኩለት። እውነትም ደገፈኝ።

«ስማ ልጄ» አለው ደሳለኝን፣ «ወይፈን ሲገራ ከምን ጋር ነው የሚጠመድ? ከአሮጌ በሬ ጋር አይዶለም? አሮጌው መንገዱን ያውቃል፣ ወይፈኑን ይመራዋል። አሮጌ ነው ተብሎ ይጣላል እንዴ?»

እኔ ወዲያው «ይኸው!» ብዬ አጨበጨብኩ። የገበሬ ልጅ ነኝና ይህን የመሰለ ማስረጃ ከየት ይመጣል?

ደሳለኝ ድንቹን አስቀመጠ፣ እጁን ጠረገ። «ልክ ነዎት አባባ። በሬ ግን ሲደክመው ይተኛል፤ ቀንበሩን ፈትተው ያሳርፉታል። ይቺ ስትደክም አትተኛም። ጓደኞቿን ሁሉ ይዛ ነው የምትወድቅ።»

አባቴ ጋቢውን ሰብስቦ ተነሣ። «እኔ የማውቅ በሬ ነው፤ ይሄን አንተ ታውቃለህ» አለና ወደ ገበያው ወጣ። ጠበቃዬ ጥሎኝ ሄደ!

አኮረፍኩ። ደሳለኝም አልለመነኝም፤ ሽቦውን እየሰበሰበ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። «አባባ ሙሽሮቹን ሲመርቁ ቀድተን፣ በማግስቱ ብናጣው ምን ትያለሽ?»

በማግስቱ ሸማኔው ዘንድ ሄጄ «ይቅርብኝ» አልኩት። ከሱቁ እስክወጣ ራሴን ያዝኩ እንጂ መንገድ ላይ አለቀስኩ፤ ምን አስዋሸኝ። ደሳለኝ ባሕር ዳር ወርዶ አዲሷን ይዞ መጣ። የዚያን ጊዜው መንገድ አቧራ ነበርና፣ ካርቶኗን ጭኑ ላይ አቅፎ ቅንድቡ ሳይቀር ዱቄት መስሎ ከአውቶቡስ ሲወርድ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

ለሰርጉ፣ ቤሩት ከመሄዴ በፊት እለብሰው የነበረውን ቀሚስ ለበስኩ። ደብዝዟል፣ የቤሩት ሩዝ ደግሞ ወገቤን አስፍቶት ኖሮ አላስተነፍስ አለኝ። ሴቶቹ አዩኝ፣ ተያዩ። እኔም አንገቴን ቀና አድርጌ ጠላ ቀዳሁላቸው።

አሮጌዋን ሳጥን ግን አልጣልናትም፤ ከድሮው ቦርድ ጋር ገጣጥመን ለደብዳቤ አቆየናት። ከፋሲካ በኋላ፣ ዝናብ የጀመረ ሰሞን፣ አባቴ ሊጠይቀኝ መጥቶ ሱቄ ተቀምጧል። መብራት ጠፋ፣ መጣ፣ እንደገና ጠፋ። ተመልሶ ሲመጣ ጧ! የተቃጠለ ጎማ የመሰለ ሽታ ቤቱን ሞላው። አባቴ በጋቢው አፍንጫውን ይዞ በር ላይ ተገኘ። ደሳለኝ ሮጦ መጥቶ ከፈተው፤ ሳጥኗ ብቻ ሳትሆን ቦርዱም ዲስኩም አብረው ነድደዋል፤ የወንድሜ ሰርግ ያለበት አዲሱ ኮምፒውተር ግን ምንም አልሆነም።

«ወይ ጉድ!» አለ አባቴ። «ጓደኞቿን ይዛ ብሎኝ ነበር እኮ ይሄ ልጅ!» ከዚያ ወደ እኔ ዘወር ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንቺ፣ ይሄ ልጅ ክፉ ቀንን ከሩቅ የሚያይ ነው። ልብ በይ።»

ልብ አልኩ። ዛሬ የቅድስት አባት ነው።

ይህን ሁሉ ስተርክላት ደሳለኝ ከጓዳ ሆኖ ይሰማን ኖሯል። «መጀመሪያ ሳጥኗ ላይ የተጻፈውን ጉልበቷን አንብቢ» አላት፣ «ካርዱ ከሚፈልገው ጋር አስተያዪው። ከበቃ፣ ዕድሜዋም ካልገፋ፣ ተያት። ያንቺዋ ግን ጡረታ ይገባታል።»

«ቀሚስ ሳይቀርብኝ እቀይራታለሁ» ብላ ሳቀችብኝ፣ ደፋር! ከዚያ የወንድሜን ሰርግ ከፈተችው። ከዲስክ ወደ ዲስክ እየተገለበጠ እስከ ዛሬ ደርሷል። አባቴ ዳሱ ውስጥ ቆሟል፣ ሙሽሮቹ ጉልበቱ ሥር ናቸው፣ እኔ ከኋላው ጋን አጠገብ እታያለሁ።

«እማ፣ ሰው ሁሉ እንዲህ አምሮበት፣ አንቺ ምነው በዚህ በደበዘዘ ቀሚስ?» አለችኝ፣ እያወቀች ልትነካካኝ።

«አዲሱ ቀሚሴ ይኸው» አልኳት አባቴን እያሳየኋት።

«የአብርሃም የሣራ ያድርግላችሁ» ይላል አባቴ። «የዘራችሁት ይብቀል፣ የወለዳችሁት ይደግ። ያልተወለዱትንም ይባርክልን፤ አሜን በሉ!»

ዳሱ ሙሉ «አሜን» አለ። አያቷን በዓይኗ አይታ የማታውቀው ቅድስትም ከወንበሯ ብድግ ብላ «አሜን» አለች።