በክርስትና ልጄ ላይ የተከራከርኩ ዕለት

ጾም ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ሜሪላንድ ፓርክዌይ የሚባለው መንገድ ላይ ካለችው ትንሽ ምግብ ቤት እንደ ልማዳችን ተሰብስበን በያይነቱ ቀርቦልናል። ወሬው ግን ስለ ስብከቱ አልነበረም። በዚያው ሳምንት የኮሌጆቹ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ሊግ፣ ኮንፈረንስ የሚሉት፣ የዓመቱን ምርጥ ተጫዋች ሊያስታውቅ ነው፤ ለሽልማቱ ስማቸው ከሚጠራው ከሁለቱ አንዷ የኛ ልጅ ናት። የኛ ስል የአበልጄ ልጅ ማለቴ ነው። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ያነሳኋት እኔ ነኝ። ሌላዋ ከሌላ ስቴት የመጣች ረጅም ልጅ ናት፤ ከመካከላችን ስትጫወት ያያት ብዙ ሰው የለም።

እኔ አይቻታለሁ። ጨዋታ አያመልጠኝም።

መናገሩ ያሳፍረኛል፤ እውነቱ ግን ይህ ነው። የክርስትና ልጄን እወዳታለሁ፤ ኳስ ባስገባች ቁጥር ደግሞ አንጀቴ ይቃጠላል። እሷና የኔ ልጅ እኩያ ናቸው። ሎን ማውንቴን አጠገብ ወዳለው ሜዳ ሁለቱንም በመኪናዬ የማመላልሳቸው እኔ ነበርኩ። ያኔ የኔዋ ትበልጥ ነበር። በቁመትም በፍጥነትም ትበልጣት ነበር፤ አሰልጣኙ ራሱ ነግሮኛል። አስረኛ ክፍል ስትደርስ "ኳስ እንጀራ አይሆንሽም፣ ትምህርትሽን ያዢ" ብዬ አስወጣኋት። አበልጄ ልጇን አላስወጣችም። የኔ ልጅ ዛሬ ሜዲካል ዲስትሪክት ውስጥ ጀማሪ ነርስ ናት፤ ተመስገን ነው። የአበልጄ ልጅ ፎቶ ግን በአውቶቡስ ጎን ተለጥፎ ከተማውን ይዞራል። ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ያ አውቶቡስ መብራት ላይ ከፊቴ ካልቆመ የነጋ አይመስለውም።

"ሽልማቱ የኛ ነው፣ አለቀ!" አሉ በሱዳን በኩል አብረውን የመጡ አንድ አዛውንት። "የኛን ልጅ የሚያህል ማን አለ? በየጌሙ እሷ አይደለችም እንዴ የምታገባው?"

ሁሉም "እውነት ነው" አለ። አበልጄ አጎንብሳ በሽሮዋ ታጠቅሳለች፤ ፊቷ ግን በርቷል። ያ የበራ ፊት ነው መሰለኝ ያናገረኝ።

"ለኔ ከሆነ ለረጅሟ ነው የሚገባው" አልኩ።

ሁሉም ከትሪው ቀና ብሎ አየኝ።

"እርስዎ ስኮሩን ብቻ ነው የሚያዩት" አልኳቸው አዛውንቱን። "ረጅሟ ስቶ የተመለሰውን ኳስ፣ ሪባውንዱን ሁሉ ታወርዳለች፣ ዲፌንስ ትሠራለች፣ ቲሙን ብቻዋን ነው የተሸከመችው። የኛዋ የምታገባው ሌሎቹ መንገድ ስለሚከፍቱላት ነው። ግራ እጇማ የለም በሉት። በቀኝ ከዘጉባት አለቀ። ባለፈው ሳምንት የመጨረሻዋን ደቂቃ አላያችሁም?"

አላዩም። እኔ ያየሁትን ያህል ማንም አላየም። አንዱ ስልኩን አውጥቶ ቼክ አደረገ፤ ያልኩት ሁሉ ልክ ሆኖ ተገኘ። አዛውንቱም እጅ ሰጡ። "የክርስትና እናቷ ከመሰከረችባት እንግዲህ ምን እንላለን" አሉ። ሰው ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ።

"እሷ ታውቃለች" አለች አበልጄ። "የልጄን ጨዋታ ከኔ ይልቅ የምትከታተለው እሷ ናት።" ይህን ብላ ሽሮውን ወደኔ ገፋ አደረገችልኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! እነሱ ፍርድ መሰላቸው፤ እኔ ግን ከየት እንደመጣ አውቀዋለሁ። ከሥጋና ከወተት ጾሜ ከቅናት አልጾምኩም።

ማክሰኞ ውጤቱ ወጣ። ረጅሟ ወሰደችው። ወሬውን ስልኬ ላይ ያየሁት የምሠራበትን ሆቴል አንሶላ ስለውጥ ነበር፤ ደስ አለኝ። ደስታው የቆየው ትራሶቹን አልብሼ እስክጨርስ ነው።

ከሺፍት ወጥቼ ቤት ስገባ ልጄ እራት እየበላች ነበር። ስልኬ ጮኸ፤ የክርስትና ልጄ ናት። ታለቅሳለች ብዬ "አይዞሽ" ልላት ተዘጋጀሁ።

"እቴቴ፣ እሁድ ያልሽውን እማ ነገረችኝ" አለች። "ዛሬ ሁሉ ሰው 'ተሰረቅሽ፣ ያንቺ ነበር' ይለኛል። አንቺ ብቻ ነሽ እውነት ያወራሽ። ግራ እጄ ዊክ ነው፣ አውቃለሁ። የኔ ኮች እንኳ እንደዛ አይነግረኝም። ሌላ ምን አየሽ? ፕሊስ ንገሪኝ፣ ቱርናመንቱ ነገ ስታርት ያደርጋል።"

ነገርኳት። ምን ላድርግ? ሲደክማት ትከሻዋ እንደሚወርድ፣ ስትናደድ ከሩቅ እንደምትወረውር፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። ስንት ዓመት ሙሉ ስህተቷን ስለቅም ኖሬ የለ!

"ማንም እንዲህ አያየኝም" አለች። "አይ ላቭ ዩ፣ እቴቴ። ቲኬትሽ ከእማ ጎን ነው።"

ስልኩን ስዘጋ ልጄ መብላቷን ትታ ታየኛለች። ስልኩ ስፒከር ላይ ነበርና ሁሉንም ሰምታለች።

"እማ" አለች ቀስ ብላ፣ "ለኔ ብለሽ ከሆነ፣ እኔ አልጠየቅኩሽም። እኔ ኳሱን ረስቼዋለሁ። አንቺ ነሽ ያልረሳሽው።"

ሳህኗን አጥባ ወደ ክፍሏ ገባች።

በማግስቱ ከአበልጄ ጎን ተቀመጥኩ። ልጅቷ ኳስ በያዘች ቁጥር የተጋጣሚው ደጋፊዎች ከኋላችን ይጮሁባታል፣ ያሾፉባታል። ደሜ ፈላና ልዞርባቸው ስል አበልጄ ክንዴን ያዘች፤ እየሳቀች ትከሻዬን ተደገፈች።

"ተያቸው፣ አበልጄ" አለችኝ። "እኔ ሁልጊዜ የምጸልየው ምቀኛ አታሳጣኝ ብዬ ነው።"

እግዜርም አላሳጣትም፤ የተደገፈችው እኔን ነበር።