አረቄ የገባበት ሽቶ

የዚያን ቀን እነ አገርነሽ ቤት የነበርነውን ልቁጠር፦ ጓደኛዬ አገርነሽ፣ እናቷ እትዬ ውባለም፣ ከሽንዲ ጋብቻ ሊጠይቁ የመጡት ሁለት ሽማግሌዎች፣ የወንዱ አክስት እሜት የሺወርቅ፣ እና እኔ። ወንዱ ራሱ እንደ ደንቡ አልመጣም።

ይህን ያስታወሰችኝ ልጄ ናት። ፍኖተ ሰላም ባለው ቤታችን ከትንንሽ ጠርሙሶች የአበባ ዘይት በጠብታ እየለካች ሽቶ ትቀምማለች። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያላለፍኩ፣ ነገር ቶሎ የሚያስፈራኝ እናት ነኝ፤ «ዓይንሽን እንዳይነካሽ» እያልኩ አጠገቧ ቆሜያለሁ።

«እማ፣ አንቺ ደግሞ ስለ ሽቶ ምን ታውቂያለሽ?» አለችኝ። ሳቄ መጣ።

ያኔ ወሩ ጥር ነበር፤ ጤፉ ተወቅቶ መንገዱ ሁሉ ገለባ ገለባ የሚሸትበት። አገርነሽ የሽንዲውን ልጅ በዓይን ታውቀው ነበር፤ ልቧም ወዶታል። አክስቱ እንዲወዷት ብላ ቡሬ ገበያ ሄደን የጽጌረዳና የሰንደል ዘይት ገዛን። ነጋዴዋ፣ «በሰሊጥ ዘይት አቅጥናችሁ አንገት ላይ ጠብ ማድረግ ነው፤ ሌላ እንዳትጨምሩበት» ብላን ነበር። እኔ ግን ዘይቱ ነጩን ቀሚስ እንዳያበላሸው ሰጋሁ። የከተማ ሽቶ አልኮል አለበት ሲባል ሰምቼ ስለነበር፣ በሰሊጡ ፋንታ ለእንግዳ ከተቀመጠው አረቄ ቀድቼ ጨመርኩበት።

«የአረቄው ሽታ ቶሎ ይጠፋል» ብያት አንገቷንም ደረቷንም አራስኳት።

አገርነሽ እንግዶቹን እጅ ልታስታጥብ ጎንበስ ስትል እሜት የሺወርቅ እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ውባለም፣ ልጅሽ በጠራራ ፀሐይ ትጠጣለች እንዴ?»

የታጨች ልጅ በአማቾቿ ፊት ቀና ብላ መልስ መስጠት ነውር ነው፤ የአገርነሽ እንባ ብቻ ጠብ ጠብ አለ። እሜት የሺወርቅ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ። እህል ሳይቀምሱ ከወጡ ጋብቻው ቀረ ማለት ነው።

ጠርሙሱን ይዤ ከጓዳ ወጣሁ።

«እሜቴ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ሽቶው ውስጥ አረቄ የጨመርኩት እኔ ነኝ። እሷ በአፏም አልዞረ፤ ይኸው ያሽትቱት።»

አሸተቱት። ቀጥለው ወደ አገርነሽ ዞሩና፣ «እስቲ እፍ በይብኝ» አሏት። እፍ አለች። አፏን ጠጋ ብለው አሸተቱ።

«ወይ ጉድ! እንዲህ ከሆነማ የኔ ባል ሃያ ዓመት ሙሉ ሽቶ ሲቀባ ነዋ የኖረው!»

ሽማግሌዎቹ ሳቅ አፈናቸው። እሜት የሺወርቅ ተመልሰው ተቀመጡና እጃቸውን ዘረጉ፤ ታጠቡ፤ ዶሮውንም እየሳቁ በሉ። ከፋሲካ በኋላ አገርነሽ ተሞሽራ ሽንዲ ገባች።

ሳስበው፣ በዕድሜዬ ያበላሸሁት ነገር ሁሉ የተበላሸው በችኮላ ሳይሆን በጥንቃቄ ነው። ስለዚህ ልጄን እንደፈለገች ትቀምም ብዬ ተውኳት።

አገርነሽን ካየኋት ግን ብዙ ዓመት ሆነኝ። ሽንዲ ያላችሁ ወይም በዚያ የምታልፉ፣ ደህና መሆኗን የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።