ግድግዳው ሳይለሰን

ወንድሜ አምቦ ላይ ቤት ሲሠራ ብሎኬቱ አልቆ ልስን ብቻ ቀርቶት ነበር። መሥሪያ ቤቱ ለሥልጠና ውጭ አገር ልኮት ሲመለስ ከቤቱ ጋር አብሮ የሚገጠም የአቧራ መሳቢያ ማሽን አይቶ መጣ።

«ቧንቧው ግድግዳ ውስጥ ይቀበራል፣ ሞተሩ ጓሮ ይቀመጣል። ጎማውን ግድግዳው ላይ ሰክተሽ አቧራውን ወደ ውጭ መሳብ ብቻ ነው» አለኝ።

ለእሱ ወግ ነበር፤ ለእኔ ትንፋሽ። ከአዲስ ዓለም መጥቼ ልጆቹን ያሳደግኩት፣ ፊደልም በእነሱ መጽሐፍ የቆጠርኩት፣ ቤቱንም የምጠርገው እኔ ነኝ። የሠፈራችን መንገድ ፒስታ ነው፤ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር አቧራው ከእንግዳ ቀድሞ ሳሎን ይገባል። አስም ይዞኝ ሐኪሙ «ከአቧራ ራቂ» ብሎኛል። የት ሄጄ እንደምርቀው ግን አልነገረኝም።

ግንበኛው ቁርጡን ንገሩኝ አለ። ከተለሰነ በኋላ ቧንቧ ልቅበር ማለት ግድግዳ መልሶ ማፍረስ ነው። ስለዚህ እሑድ ምሳ ላይ ነገሩ ተነሣ።

የወንድሜ ሚስት የጉደር ልጅ ናት፣ ክፉ ሰው አይደለችም። «በዚህ መብራት?» ብቻ አለች።

ወንድሜ ሳቀ። «መብራት ይጠፋል፤ እትዬ ግን አትጠፋም።»

ሁሉም ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ለመሆኑ አንቺስ ምን ትያለሽ፣ እትዬ? ይግባ?»

እኛ ስናድግ እንጀራ ሲጨመርልን «በቃኝ» እንላለን። ጠግበን አይደለም፣ «በሞቴ» እስክንባል ነው። በመጀመሪያው ጥያቄ ዘሎ የሚቀበል ልጅ እናታችን አላሳደገችም፤ ወንድሜም ይህን ያውቃል። እኔም እንደ ወጉ መለስኩ።

«ተዉት፣ ለእኔ ብላችሁማ አትድከሙ። መጥረጊያዬ ምን ሆነና።»

ይህን ብዬ ዓይኔን ትሪው ላይ ተክዬ ጠበቅኩ። «አይሆንም እትዬ፣ ደረትሽስ?» እስኪለኝ ጠበቅኩ።

«እንግዲህ እሷ ራሷ ካልፈለገችው» አለ ወንድሜ፣ ትከሻውን ሰብቆ።

«የቱ ማሽን ነው እንደ እሷ አልጋ ሥር የሚገባው?» አለች ሚስቱ። ትልቁ ልጅ ደግሞ የአባቱን እህት በኦሮምኛ እንደሚጠራው ጠርቶኝ፣ «አዳዳ ማሽን ታስከነዳለች» አለ፤ ልጅ ነው፣ ማሞገሱ ነበር።

ያን ጊዜ መናገር ይቻል ነበር ይሆናል። ግን እንዲያ እያወደሱኝ ምን ብዬ ልጀምር? ሚስቱ ወጥ ጨለፈችልኝ። «ምንም አልበላሽም፣ በሞቴ» አለች። አንድ ጊዜ እምቢ አልኩ፣ ሁለተኛ ለመነችኝ፣ ሦስተኛ በራሷ እጅ አጎረሰችኝ። ለጉርሻ እንዲህ የሚለመነው ሰው ለሳንባው አንድ ጊዜ ብቻ ተጠየቀ።

በማግስቱ ልስኑ ተጀመረ። የሲሚንቶውን ብናኝ ነጠላዬን አፌ ላይ አስሬ የጠረግኩት እኔው ነኝ።

ዛሬ ቤቱን ሊያይ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ንጽሕናውን ያደንቃል። «የእትዬ እጅ ነው» ይላል ወንድሜ በኩራት። እኔ ሲያስለኝ እንዳይሰማቸው ጓዳ ገብቼ በሩን እዘጋለሁ።